ለሥራ አጦች የቀረበው ሕግ በአሜሪካ ምክር ቤት እንዴት እንደ ቀረ

ጤና ያለውና ሠርቶ ማደር የሚወድ ሰው ሥራ አጥቶ በቤቱ ሲቀመጥ የመንግሥት ፋንታ ምንድን ነው? በዚህ ጥያቄ ላይ ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል፤ መንግሥታትም ብዙ ተከራክረዋል። ነገር ግን ጥያቄው ከመጽሐፍ ወጥቶ በሕግ አውጭዎች ፊት ሲቀርብ፥ በዚያውም ላይ የምርጫ ዘመን ሲደርስበት ምን እንደሚመስል መመርመር የሚወድ ሰው ቢኖር፥ በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት በ2011 ዓ.ም. የሆነውን ነገር ቢያስተውል ብዙ ትምህርት ያገኝበታል። በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን የምንቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ይህንንም ነገር የመረጥንበት ምክንያት የተጀመረበትም የተፈጸመበትም ቀን ታውቆ፥ ፍጻሜውም ተገልጦ፥ ዛሬ ያለ ቍጣ ሊመረመር የሚችል ስለ ሆነ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ታላላቆቹ የአሜሪካ ባንኮች በተናወጡ ጊዜ ሥራ መጥፋቱ እንደ ተላላፊ በሽታ ከከተማ ወደ ከተማ ተዛመተ። ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ሥልጣን በያዙ ባንድ ወር ውስጥ፥ በየካቲት 17 ቀን 2009 ዓ.ም.፥ በ787 ቢሊዮን ዶላር የተገመተ የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ሕግ ፈረሙ። ለዚህ ሕግ ከሪፑብሊካን ወገን በሕግ መምሪያው ምክር ቤት አንድ ሰው እንኳ ድምፅ አልሰጠም፤ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የሰጡት ሦስት ብቻ ነበሩ። የፕሬዚዳንቱ አማካሪዎች ሕጉ ከጸና ሥራ ያጣው ሰው ቍጥር ከመቶው ስምንት አያልፍም ብለው አስቀድመው ተናግረው ነበርና፥ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ቍጥሩ ከመቶው 10 በደረሰ ጊዜ ተቃዋሚዎቻቸው ይህን ቃል እየጠቀሱ ወቀሷቸው። አማካሪዎቹ ጉዳቱን አሳንሰው ገምተው ነበር እንጂ መድኀኒቱ ከንቱ አልነበረም የሚሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ሹም ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ለሕዝብ የተነገረ ቍጥር ሳይፈጸም ሲቀር ሰበቡን ቆሞ የሚያዳምጥ ጥቂት ነው።

በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ሥራ ያጡት ሰዎች ገና 14 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ ይህም ከመቶ ሠራተኛ 9.1 ማለት ነው። መስከረም 2 ቀን በወጣው የመንግሥት መግለጫ በነሐሴ ወር በጠቅላላው የተጨመረው የሥራ ቦታ ዜሮ መሆኑ ተነገረ። ቍጥሩ በኋላ ታርሞ ከፍ ብሏል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ሁሉም ያነበበው ዜሮውን ነው።

ከ14ቱ ሚሊዮን ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ቍጥር ነው። ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ 6 ሚሊዮን ያህሉ ሥራ ካጡ 27 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሆኗቸው ነበር። ሥራ ላንድ ወር ያጣ ሰውና ላንድ ዓመት ያጣ ሰው በመዝገብ ላይ እኩል ይጻፋሉ፤ በኑሮ ግን እኩል አይደሉም። የፊተኛው ጥቂት ቈጥቦ እንደሆነ በዚያ ይሰነብታል፤ የኋለኛው ግን ያጠራቀመውን ጨርሶ የቤቱን ዕዳ መክፈል ያቅተዋል። አዲስ ቀጣሪ ፊት ሲቀርብም አስቀድሞ የሚጠየቀው «ይህን ያህል ጊዜ ለምን ሥራ ፈትተህ ተቀመጥህ» የሚል ነው፤ እንግዲህ ሥራ ማጣቱ ራሱ ዳግመኛ ሥራ የሚያሳጣው ምክንያት ይሆንበታል። እጁም የለመደውን ጥበብ ይረሳል። ከዚህ የተነሣ ለእንዲህ ያለው ሰው የስድስት ወር መዘግየት የስድስት ወር ጉዳት ብቻ አይደለም፤ ሕግ አውጭው ቀጠሮ በሰጠ ቍጥር ጉዳቱ በራሱ ላይ ይወልዳል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲ እየነዱ፥ በመኪና ማቆሚያና በምግብ ቤት እየሠሩ የሚኖሩ ወገኖቻችንም የገበያው መቀዝቀዝ የሚነካቸው ናቸውና፥ ወደ አገር ቤት ለዘመድ የሚልኩት ገንዘብ በዚያች አገር ገበያ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ሳንጠቅስ አናልፍም።

አሁን ወደ ምክር ቤቶቹ እንመለስ። በኅዳር 2010 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ሪፑብሊካኖች 63 ወንበር ጨምረው የሕግ መምሪያውን ምክር ቤት ያዙ፤ አፈ ጉባዔውም የኦሃዮው ጆን ቤይነር ሆኑ። በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ዲሞክራቶች ከረዳቶቻቸው ጋር 53፥ ሪፑብሊካኖች 47 ነበሩ። በሌላ አገር ቢሆን 53 ሰው ያለው ወገን ፈቃዱን ይፈጽማል። በዚያ ምክር ቤት ግን አባሎች ክርክሩን ያለ ገደብ እያስረዘሙ ድምፅ እንዳይሰጥ ለማገድ ይችላሉ፤ ክርክሩን ለመዝጋት የሚያስፈልገው ቍጥር ከ1975 ዓ.ም. ወዲህ ከመቶው አባል 60 ነው። ይህ ደንብ በሕገ መንግሥታቸው የተጻፈ አይደለም። ክርክር በድምፅ እንዲዘጋ መጀመሪያ የተፈቀደው በ1917 ዓ.ም. ሲሆን፥ ያን ጊዜ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠየቅ ነበር። ደንቡ ጥቂቶች በብዙዎች እንዳይዋጡ ይጠብቃል ተብሎ ይመሰገናል፤ ምስጋናውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም አልፎ አልፎ ለታላቅ ጉዳይ ይመዘዝ የነበረው መሣሪያ በየዕለቱ የሚያዝ ከዘራ ሲሆን፥ 41 ሰው አንድን መንግሥት ቁጭ ለማድረግ ይበቃል ማለት ነው።

ፕሬዚዳንቱ ሕጉን ለሁለቱ ምክር ቤቶች ጉባዔ በቃል ለማስረዳት መስከረም 7 ቀን 2011 ዓ.ም. እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ። በዚያ ምሽት ግን ፕሬዚዳንት ለመሆን የሚወዳደሩት ሪፑብሊካኖች በካሊፎርኒያ የሚከራከሩበት ቀጠሮ ነበር። አፈ ጉባዔው ቀኑ እንዲለወጥ በደብዳቤ መለሱላቸውና ንግግሩ ወደ ማግሥቱ፥ በእኛ አቈጣጠር ወደ ጳጉሜን 3 ቀን 2003 ዓ.ም. ተዛወረ። በማግሥቱ ደግሞ የአሜሪካ እግር ኳስ የዓመቱ መክፈቻ ጨዋታ ስለ ነበረ ንግግሩ ከጨዋታው በፊት እንዲያልቅ ሰዓቱ ተስተካከለ። ስለ 14 ሚሊዮን ሥራ አጦች የሚነገር ቃል በውድድርና በጨዋታ መካከል ቦታ ሲፈለግለት ማየት ያስገርማል፤ ነገሩም ወዴት እንደሚያዘነብል ከዚሁ ይታወቅ ነበር።

የሕጉ ዋጋ 447 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ከግማሹ የሚበልጠው የግብር ቅነሳ ሲሆን፥ ዋነኛው ከሠራተኛ ደመወዝ ለጡረታ ከመቶው 6.2 ይቈረጥ የነበረው ወደ 3.1 እንዲወርድ የሚያደርገው ነው። ለአሠሪዎችም እንዲሁ ይቀነስላቸው ነበር። ከቀረው ገንዘብ 50 ቢሊዮን ለመንገድ፥ ለባቡርና ለአውሮፕላን ማረፊያ፤ 30 ቢሊዮን ትምህርት ቤቶችን ለማደስ፤ 35 ቢሊዮን ከሥራ ሊወገዱ የነበሩ መምህራን፥ ፖሊሶችና እሳት አጥፊዎች እንዲቈዩ ለማድረግ፤ 49 ቢሊዮን ያህሉ ሥራ ላጡት ሰዎች ለሚሰጠው ድጎማ፤ 10 ቢሊዮን ደግሞ ለመንገድና ለድልድይ የሚያበድር ባንክ ለማቋቋም የታሰበ ነበር። ይህን የመጨረሻውን አሳብ የነጋዴዎቹ ታላቅ ማኅበርም የሠራተኞቹ ታላቅ ማኅበርም በአንድነት ደግፈውት እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል፤ ሁለቱ በአንድ ነገር ላይ ሲስማሙ የሚታየው ዘወትር አይደለም። ማርክ ዛንዲ የተባሉት የኢኮኖሚ ሊቅ፥ በ2008 ዓ.ም. የሪፑብሊካኑ ዕጩ የጆን ማኬይን አማካሪ የነበሩ፥ ሕጉ ቢጸና 1.9 ሚሊዮን የሥራ ቦታ ይጨምራል ብለው ገመቱ።

የተቃዋሚዎቹን ክርክር ሳያዳምጡ መፍረድ አይገባም። የመንግሥቱ ገቢና ወጪ ያን ዓመት በ1.3 ትሪሊዮን ዶላር ይለያይ ነበር። ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ፥ በነሐሴ 2011 ዓ.ም.፥ ስለ ዕዳው ጣሪያ በተነሣው ክርክር አገሪቱ ዕዳዋን ላለመክፈል ጫፍ ደርሳ፥ ነሐሴ 5 ቀን አንዱ መዛኝ ድርጅት የብድር እምነቷን ከቀድሞው ማዕርግ ዝቅ አድርጎት ነበር። እንግዲህ ሪፑብሊካኖች «በ2009 ዓ.ም. የወጣው ገንዘብ ተስፋ የተሰጠውን አላመጣም፤ ዳግመኛ መበደር ስለ ምን ነው? ነጋዴው የሚቀጥረው ግብር ሳይጨመርበት፥ ደንብም ሳይበዛበት ነው» ሲሉ ከባዶ ሜዳ ተነሥተው አልነበረም። ዲሞክራቶቹም «ነጋዴው የማይቀጥረው ገዢ ስላጣ ነው፤ ገዢ የጠፋውም ደመወዝተኛ ስለ ጠፋ ነው፤ ይህን ክብ የሚሰብረው መንግሥት ካልሆነ ማን ነው?» ብለው መለሱ። ሁለቱም አሳብ ረዥም የትምህርት ሐረግ አለው። ከልብ የሚፈልግ ሰው ቢገኝ ከሁለቱ መካከል ስምምነት ሊወጣ ይችል ነበር፤ ምክንያቱም የግብሩ ቅነሳ በቀድሞ ጊዜ ሪፑብሊካኖች ራሳቸው ይወዱት የነበረ ነው፥ ድልድይና መንገድም የወገን ስም የለውም።

ነገር ግን ምርጫው አሥራ አራት ወር ብቻ ቀርቶት ነበር። የሪፑብሊካኖቹ መሪ የኬንተኪው ሚች ማኮኔል የወገናቸው ዋና ዓላማ ኦባማ ከአንድ ዘመን በላይ እንዳይገዙ ማድረግ እንደ ሆነ በ2010 ዓ.ም. በግልጽ ተናግረዋል። ይህን የመሰለ ቃል አንድ ጊዜ ከተነገረ በኋላ ሕጉ ቢጸናና ሥራ ቢበዛ የሚጠቀመው ማን እንደ ሆነ ለማስላት አዋቂ መሆን አያሻም። በሌላውም ወገን ልብ ንጹሕ ነበር አንልም። ጥቅምት 4 ቀን ማኮኔል ራሳቸው ተነሥተው «ፕሬዚዳንቱ አሁኑኑ አጽድቁልኝ ይላሉና አሁኑኑ ድምፅ እንስጥበት» ባሉ ጊዜ የዲሞክራቶቹ መሪ ሃሪ ሪድ ከለከሉ። የከለከሉበትም ምክንያት የራሳቸው ሰዎች ገና አለመስማማታቸውን ስለሚያውቁ ነው፤ የነዳጅ ዘይት ከሚወጣባቸው አገሮች የመጡት የነዳጅ ኩባንያዎቹን ግብር አልወደዱትም፥ ሌሎችም ሌላውን አልወደዱም። ስለዚህ ሪድ ፕሬዚዳንቱ ያሰቡትን የገቢ ምንጭ ትተው፥ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ በሚያገኝ ሰው ገቢ ላይ ከመቶው 5.6 ተጨማሪ ግብር እንዲጣል አደረጉ።

የነገሩ ቍልፍ ያለው በዚህ ይመስለናል። በባለ ሚሊዮኖች ላይ የሚጣለው ግብር በሕዝብ ዘንድ የተወደደ ነበር፤ ሪፑብሊካኖች ግን ግብር ላለመጨመር በፊርማቸው ቃል የገቡ ብዙዎች ስለ ነበሩባቸው ፈጽሞ እንደማይቀበሉት የታወቀ ነበር። ሕጉ እንዲያልፍ የሚሻ ሰው ተቃዋሚው ሊውጠው የሚችለውን ምንጭ ይፈልጋል፤ ሕጉ ወድቆ በአደባባይ መነጋገሪያ እንዲሆን የሚሻ ደግሞ ተቃዋሚው የማይውጠውን ይመርጣል። ሪድ ከሁለቱ የትኛውን እንዳሰቡ በልባቸው ገብተን አንፈርድም። ሥራው ግን የሁለተኛውን ፍሬ አፈራ። በሕግ መምሪያውም ምክር ቤት ሪፑብሊካኖች ደንብ የሚያቃልሉ ሕጎችን እያከታተሉ አጸደቁ፤ ወዲያኛው ምክር ቤት ሳያነባቸው በመደርደሪያ እንደሚያስቀምጣቸው እያወቁ፥ «የሥራ ሕጎች» ብለው ሰየሟቸው። እንዲህ ሆኖ ሁለቱም ወገን ለመራጩ የሚያሳየው የታተመ ወረቀት ሲያገኝ፥ ሥራ ያጣው ሰው ግን ከሁለቱም ወረቀት የዕለት እንጀራ አላገኘም።

ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ሕጉ ለክርክር ይቅረብ ወይስ አይቅረብ በሚለው ላይ ድምፅ ተሰጠ። 50 ሰዎች ይቅረብ፥ 49 ሰዎች አይቅረብ አሉ፤ 60 ስላልሞላ ቀረ። የነብራስካው ቤን ኔልሰንና የሞንታናው ጆን ቴስተር ከዲሞክራቶቹ ወገን ሳሉ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ቆሙ። አንባቢ ልብ ይበል፤ የወደቀው ሕጉ ብቻ አይደለም፥ ስለ ሕጉ መነጋገሩም ነው።

ከዚያ በኋላ ሕጉን ቈራርጦ ማቅረብ ተጀመረ። ጥቅምት 20 ቀን የመምህራኑና የእሳት አጥፊዎቹ 35 ቢሊዮን ለብቻው ቀርቦ 50 ለ50 ሆኖ ቀረ። ኅዳር 3 ቀን የመንገዱና የባንኩ 60 ቢሊዮን ቀርቦ 51 ለ49 ሆኖ እርሱም ቀረ። በእያንዳንዱ ቍራጭ ላይ የባለ ሚሊዮኖች ግብር፥ ከመቶው ግማሽ ወይም 0.7፥ እየተከተለ ነበር። ፕሬዚዳንቱም በበኩላቸው ምክር ቤቱን ልንጠብቅ አንችልም እያሉ በራሳቸው ሥልጣን የሚቻለውን በየሳምንቱ ማዘዝ ጀመሩ። ጥቂቱ ጠቃሚ ነበር፤ ነገር ግን ገንዘብ የሚፈቅደው ምክር ቤቱ ስለ ሆነ፥ ትእዛዝ ድልድይ አይሠራም።

ሁሉም ነገር ወደቀ ማለት ግን እውነት አይሆንም፤ ከዚህም ክፍል የሚገኘው ትምህርት ከሌላው ይበልጣል። ከጦር ሜዳ የተመለሱትን ወታደሮች ለሚቀጥር ነጋዴ ግብር የሚቀንሰው ክፍል በኅዳር ወር በአንደኛው ምክር ቤት 95 ለ0፥ በሁለተኛው 422 ለ0 ሆኖ አለፈ። ለምን ቢባል፥ የወታደሩን ጥቅም ተቃውሞ ወደ መራጩ ለመመለስ የሚደፍር ስላልተገኘ ነው። የደመወዙ ግብር ቅነሳ ደግሞ ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ ታኅሣሥ 23 ቀን፥ ለሁለት ወር ብቻ ተራዘመ፤ በየካቲት 2012 ዓ.ም. እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጸና። የቅነሳው መጠን ግን ፕሬዚዳንቱ የጠየቁት ሳይሆን የነበረው ነው። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የሚቋቋሙ ኩባንያዎች ከሕዝብ ካፒታል በቀላሉ እንዲያገኙ የሚፈቅድ ሕግ ሁለቱም ወገን ተስማምተውበት ተፈረመ። እነዚህ ካለፉት ውስጥ አንዱም በማንም ላይ ግብር የሚጨምር አልነበረም። እንግዲህ ምክር ቤቶቹ መስጠትን አልከለከሉም፤ የከለከሉት ከማን እንደሚወሰድ መወሰንን ነው።

ይህ ጠባይ የአሜሪካ ምክር ቤት የጥንት ጠባይ አይደለም። በ1935 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለሥራ አጦች ወደ 4.9 ቢሊዮን ዶላር አስፈቅደው ያቋቋሙት የሕዝብ ሥራ ድርጅት በስምንት ዓመት ውስጥ ስምንት ሚሊዮን ተኩል ለሚያህል ሰው ሥራ ሰጥቷል። በ1946 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ለሁሉ ሥራ እንዲገኝ ኀላፊ ይሁን የሚል ሕግ ሲቀርብ፥ ተቃዋሚዎች ብዙ ቃል ቢያወጡበትም ተደራድረው የለዘበውን አጸደቁት፤ ለፕሬዚዳንቱ የሚያገለግለው የኢኮኖሚ አማካሪዎች ጉባዔ የተወለደው ከዚያ ሕግ ነው። በሁለቱም ጊዜ ጠብ ነበር። ልዩነቱ ጠቡ በስምምነት ወይም በብዙኃን ድምፅ መፈጸሙ ነው።

ምርጫው ኅዳር 6 ቀን 2012 ዓ.ም. ተደረገ። ኦባማ 332 የመራጮች ድምፅ አግኝተው ተቃዋሚያቸውን ሚት ሮምኒን አሸነፉ፤ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት በሪፑብሊካኖች እጅ፥ የሕግ መወሰኛው በዲሞክራቶች እጅ ቀረ። ይህም ማለት ሁሉም ዓመቱን ሙሉ ሕዝብ ይፍረደን ብለው ከተካሰሱ በኋላ፥ ሕዝቡ ሦስቱንም በነበሩበት ወንበር መልሶ አስቀመጣቸው ማለት ነው። ከምርጫው በፊት በወጣው የመጨረሻ መግለጫ ሥራ ያጣው ሰው ከመቶው 7.9 ነበር። ገበያው ቀስ ብሎ በራሱ እያገገመ መሆኑ እርግጥ ነው፤ የስድስቱ ሚሊዮን ሰዎች ያለፈው ዓመት ግን አልተመለሰም።

ከዚህ ሁሉ ወረቀትና ድምፅ ውስጥ በዓይን የሚታይ አንድ ምልክት ቀርቶልናል፤ እርሱም ድልድይ ነው። በኦሃዮ ወንዝ ላይ የሲንሲናቲን ከተማ ከኬንተኪ ጋር የሚያገናኘው፥ ብሬንት ስፔንስ የሚባለው ድልድይ በ1963 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን፥ በቀን 80 ሺህ ተሽከርካሪ ይሸከማል ተብሎ ተሠርቶ የዚያን እጥፍ ያህል ይሸከም ነበር። አንዱ ዳር የአፈ ጉባዔ ቤይነር አገር፥ ሌላው ዳር የማኮኔል አገር ነው። ፕሬዚዳንት ኦባማ መስከረም 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በዚህ ድልድይ አጠገብ ቆመው ሁለቱን መሪዎች በስም እየጠሩ፥ ይህን ድልድይ እንድንሠራ እርዱን አሉ። ለእውነት ሲባል፥ ያን ጊዜ የድልድዩ ፕላን ገና በጥናት ላይ ስለ ነበረ ሕጉ በማግሥቱ ቢፈረምም አናጢና ብረት አሳሪ በዚያው ወር አይቀጠርበትም ነበር፤ ተቃዋሚዎቹም ይህን አንሥተው ፕሬዚዳንቱ ድልድዩን የመረጡት ለሥራ ሳይሆን ለሥዕል ነው አሏቸው። ነቀፋው ከፊል እውነት ነበር። ግን ጥናቱ ያለቀለት ሌላ ድልድይ ይሁን ብሎ ያቀረበ ከመካከላቸው አልተገኘም።

ከአሥር ዓመት በኋላ፥ በነሐሴ 2021 ዓ.ም.፥ ለመንገድ፥ ለድልድይና ለውኃ ሥራ ወደ 1.2 ትሪሊዮን ዶላር የሚመድብ ሕግ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ69 ለ30 ድምፅ አለፈ፤ ማኮኔልም ድምፅ ከሰጡት ከአሥራ ዘጠኙ ሪፑብሊካኖች አንዱ ነበሩ። ሕጉም በኅዳር 15 ቀን ተፈረመ። ጥር 4 ቀን 2023 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጆ ባይደንና ማኮኔል በኬንተኪው ዳር በዚያው ድልድይ አጠገብ አብረው ቆመው፥ ለአዲሱ ድልድይና ለአሮጌው ማደሻ ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ መሰጠቱን አበሠሩ። ኦባማ በተናገሩበት ጊዜ የሥራው ጠቅላላ ዋጋ ከሁለት ቢሊዮን ዶላር ጥቂት የሚበልጥ ነበር፤ በዚህ ጊዜ 3.6 ቢሊዮን ደርሷል።